የወባ ትንኝ ጂኖምና ሁለቱ ጫናዎች፦ ከአሶሳ አንጻር

ውቅያኖስ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየሳበ አሲዳማነቱ ሲጨምር አከርካሪ የሌላቸው የባሕር እንስሳት እንዴት እንደሚቋቋሙት ለማወቅ፣ ተመራማሪዎች ወደ ጂኖም፣ ማለትም በአንድ ፍጡር ሕዋስ ውስጥ ወዳለው ሙሉ የዘር መረጃ፣ መመልከት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2006 የተነበበው ሐምራዊው የባሕር ጃርት፣ እሾህ የለበሰ ክብ እንስሳ፣ በ2013 በወጣ ጥናት በአሲዳማ ውሃ ሲያድግ የእጮቹ አካል ብዙም ሳይለወጥ የአንዳንድ የዘረመል ዓይነቶች ድርሻ ግን ተቀይሮ ተገኝቷል፤ ይህም መላመድ የሚጀምረው አስቀድሞ በመንጋው ውስጥ ካለ ልዩነት እንደሆነ ያመለክታል።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሕር ባይኖረውም ይኸው የመላመድ ጥያቄ በክልሉ በሌላ አከርካሪ አልባ ፍጡር፣ በወባ ትንኝ ላይ ይነሳል። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ኩሬ ትራባለች፤ በአሶሳ ዙሪያ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በሽታው የሚበረታው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ክልሉ በወባ ክፉኛ ከሚጠቁት አንዱ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ከደጋው ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ የሰፈሩት ገበሬዎች በሽታውን ስላልለመዱት ብዙ ዋጋ ከፍለዋል።

የዚህች ትንኝ ጂኖም ስለ ድርቅ የሚናገረው ነገር አለ። በቅርብ ዘመዷ በአኖፊለስ ጋምቢያ ሁለተኛ ክሮሞሶም ላይ አንድ ሰፊ ክፍል ተቆርጦ ተገልብጦ የሚገጠምበት ቅርጽ በደረቅ አካባቢ ሲበዛ በእርጥብ አካባቢ ያንሳል፤ ግልበጣው በውስጡ ያሉት ዘረመሎች ሳይበታተኑ አብረው እንዲወረሱ ያደርጋል። አረቢየንሲስ ደግሞ የተገለበጠውን ቅርጽ ብቻ ነው የምትይዘው፤ ደረቁን ቆላ መቋቋሟም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ይሁንና ከአየር ንብረቱ ይልቅ ጎልቶ የሚነበበው ሰው የረጨው ኬሚካል ያስቀረው ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው የወባ ማጥፋት ዘመቻ በቤት ውስጥ ዲዲቲ ሲያስረጭ ለአስርት ዓመታት ቆይቶ፣ በ2009 ገደማ ዴልታሜትሪን በተባለ ሌላ ፀረ ትንኝ ኬሚካል ተተካ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም የሚያጠቁት አንዱን የነርቭ ፕሮቲን፣ የሶዲየም በሩን፣ ስለሆነ፣ በዚህ ፕሮቲን 1014ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በፌኒላላኒን የተካው ለውጥ ከዲዲቲ ዘመን ተሻግሮ ለአዲሱ መድኃኒትም መከላከያ ሆነ። መድኃኒቱን የቀየሩት ሰዎች የተለያየ ስም ያላቸው ኬሚካሎች አንድ ዒላማ እንደሚጋሩ ከመርጨታቸው በፊት ሊመዝኑት ይገባ ነበር።

ሙቀቱም ቸል የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቃት ዓመታት ወባን ወደ ከፍታ እንደሚገፉ አሳይቷል።

አስቸጋሪው ነገር በአንድ ትንኝ ጂኖም ላይ የታየ ለውጥ ከሙቀት ይሁን ከርጭት መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአፍሪካ ታላቅ የትንኝ ጂኖም ጥናት 765 ትንኞችን ከ8 አገሮች ሲያነብ ኢትዮጵያ አልተካተተችም። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አሶሳና ከዓባይ ቆላ ናሙና በየዓመቱ ካልተሰበሰበ፣ ከጎኑም የሙቀት፣ የዝናብና የርጭት መዝገብ ካልተቀመጠ፣ ሁለቱን ጫናዎች ለመነጠል የሚያስችል ማነጻጸሪያ አይኖርም።