የመጀመሪያ የአሳማ አደን፦ ከጠመንጃ ምርጫ በፊትና በኋላ መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት በአገራችን ታሪክ ስሟ ከጦር መሣሪያ ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. አሠርተዋል። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እስኪደርስ ድረስ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቷል። መሣሪያ ማግኘት አንድ ነገር፣ መሣሪያውን ከቦታውና ከዓላማው ጋር ማስማማት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ይህ ታሪክ ያስታውሳል።

ዛሬ ሰብሉን በአውሬ የሚያጣ አርሶ አደር የሚያነሣው ጥያቄም ከዚህ የራቀ አይደለም። ድንቹን የሚፈነቅል፣ በቆሎውን የሚሰብር አሳማ ሲያስቸግር ብዙዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት «የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» ብለው ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ጥያቄ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸውን ጉዳዮች በማስቀደም ለጀማሪ አዳኞች ግንዛቤ ለመስጠት ተዘጋጅቷል።

እንስሳውን ለይቶ ማወቅ

በተለምዶ «አሳማ» በሚል ስም የሚጠሩት የዱር እንስሳት አንድ ዓይነት አይደሉም። ከርከሮ በአብዛኛው ቀን የሚንቀሳቀስ፣ ሌሊት በጉድጓድ የሚያድር፣ ሲሮጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም እንስሳ ነው። የዱር አሳማ ግን ጠጉራም ሲሆን ቀን ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ይውልና በአመዛኙ ሌሊት በመንጋ ወደ ማሳ ይወጣል። ይህ ልዩነት አደኑ በየትኛው ሰዓትና በምን ሁኔታ እንደሚካሄድ፣ ብሎም ምን ያህል አደጋ እንዳለው የሚወስን ነው። ግልገል የምታስከትል እናት መተኮስ የለባትም።

ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች

የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳት ጥበቃና አጠቃቀም ደግሞ ራሱን በቻለ ሌላ ሕግ ይመራሉ። በመሆኑም ጠመንጃ ለመያዝ የተሰጠ ፈቃድ ለማደን የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እንስሳው በራስ ማሳ ላይ መገኘቱም የአደን ፈቃድን አያስቀርም። ጉዳት የደረሰበት አርሶ አደር በቅድሚያ ለቀበሌው ማስታወቅና በወረዳው የዱር እንስሳትን ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይኖርበታል። በአካባቢው የወጣ የጸጥታ መመሪያ ካለም የጦር መሣሪያ ይዞ ከመንቀሳቀስ በፊት ማጣራት ግዴታ ነው።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው ከጥይት በፊት ይገኛል። ጎረቤታሞች በማማ ላይ ተራ ገብተው መጠበቃቸው፣ በማሳው ዳር የሚቆፈር ቦይና የእሾህ አጥር፣ አሳማው የሚደበቅበትን ከማሳ የተጠጋ ቁጥቋጦ መመንጠር ጉዳቱን ይቀንሳሉ። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢከላከል መንጋው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ስለሚዞር ጥበቃው በኅብረት መሆን አለበት።

ተስማሚ ጠመንጃ

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚመረጠው ጠመንጃ እያንዳንዱ ጥይት በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስበት ቢሆን ይመረጣል። ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ለአሳማ 7 በ57 ሚሊ ሜትር፣ 308 እና 30-06 በመባል የሚታወቁት የጥይት መጠኖች በቂ ናቸው። የአረሩ ጫፍ እንስሳውን ሲመታ የሚሰፋ መሆን ይገባዋል።

በገጠሩ የተለመደው ክላሽንኮቭ ለዚህ ሥራ ተመራጭ አይደለም። የተለመደው ጥይቱ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ በመሆኑ የእንስሳውን አካል በስቶ ሊያልፍ፣ እንስሳውን አቁስሎ ሊያስመልጥና ከኋላ ያለን ሰው ሊመታ ይችላል። ቁጥር 12 የአደን ጠመንጃ በአንድ ወጥ አረር ከ50 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ያገለግላል፤ ለወፍ የሚሆነው ደቃቅ እርሳስ ግን አሳማን ከማሠቃየት በቀር ፋይዳ የለውም።

ከአባት የተወረሰ ምንሽር ወይም ሌላ አሮጌ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት በባለሙያ መፈተሽ አለበት። የዛገ አፈሙዝ፣ የላላ መቀርቀሪያ ወይም ለጠመንጃው ያልተሠራ ጥይት ተኳሹን ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

ልምምድና የተኩስ ሥርዓት

ጀማሪ አዳኝ በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ጠመንጃውን በ100 ሜትር ርቀት ላይ አስተካክሎ፣ ተቀምጦም ሆነ በዱላ ተደግፎ መተኮስን መልመድ አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ በተከታታይ መምታት በማይችልበት ርቀት ላይ እንስሳ ላይ ማነጣጠር የለበትም። የአሳማ ልብ ዝቅ ብሎ በፊት እግሮቹ መካከል ስለሚገኝ፣ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ተከትሎ ከደረቱ በታች በኩል ካለው ሲሶ ላይ ማነጣጠር ተገቢ ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ነው። የጠመንጃ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። በእነዚህ ተራሮች ከአንዱ ሸንተረር ጀርባ መንደር፣ ከሌላው ጀርባ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል። ስለዚህ በሸንተረር አናት ላይ ሰማይን ጀርባው አድርጎ የቆመ እንስሳ አይተኮስበትም። የሚተኮሰው ከእንስሳው ኋላ ጥይቱን የሚያስቀር አፈር ያለበት ተዳፋት ሲኖር ብቻ ነው።

የዱር አሳማ በሌሊት መውጣቱ ብዙዎችን በድምፅ ወይም በቅጠል እንቅስቃሴ ላይ እንዲተኩሱ ይገፋፋቸዋል። በዚያው ሰዓት ግን ሌላው ማሳውን ሊጠብቅ ይወጣል፣ ካህኑ ኪዳን ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ እናት ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች። በዓይን ሙሉ በሙሉ ተለይቶ ባልታወቀ ነገር ላይ መተኮስ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። የአደኑ ቀንና ቦታ ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገር፤ ጠመንጃው እስከ ተኩሱ ሰዓት አይቀባበል፤ ጣትም ከቃታ ይራቅ፤ መጠጥ የቀመሰ ሰው ጠመንጃ አይንካ።

ከተኩስ በኋላ

የቆሰለ አሳማ ክራንቻው ስለታም በመሆኑ እጅግ አደገኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ታግሦ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ከዳገቱ በኩል በዝግታ መከተል ይመከራል። ቁጥቋጦ ውስጥ ተጎንብሶ መግባት አይገባም።

ሥጋው በአካባቢው ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ኅብረተሰብ ዘንድ ስለማይበላ በድኑ ሜዳ ላይ ተጥሎ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገር ግን የዱር አሳማዎች የአሳማ እርባታን የሚያጠፋ ወረርሽኝና ወደ ሰው የሚተላለፉ ጥገኛ ትላትሎችን ሊሸከሙ ይችላሉ። በድኑ በባዶ እጅ ሳይነካ፣ ለውሾች ሳይሰጥ፣ ከውኃ ምንጭ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ይኖርበታል። ክራንቻውን ያለ ፈቃድ መሸጥም አይቻልም።

በአጠቃላይ፣ ጀማሪ አዳኝ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ይመልስ፦ ፈቃድ አለኝ? ያየሁት በእርግጥ አሳማ ነው? ከኋላው ያለው ምንድን ነው? ለሦስቱም በእርግጠኝነት መልስ ካላገኘ፣ አሳማውን በጩኸት አባርሮ ወደ ቤቱ መመለሱ የተሻለ ውሳኔ ነው። የጠፋ ሰብል በመጪው መኸር ይተካል፤ የጠፋ የሰው ሕይወት ግን አይተካም።