አካሉ የሚለዋወጥ ሽጉጥ፦ ከመታጠቅ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

አባቶቻችን ምንሽርም ይሁን ውጅግራ ሲወርሱ መሣሪያውን እንዳለ ነበር የሚቀበሉት። ሰደፉ ቢረዝም፣ ክብደቱ ቢበዛ፣ ተኳሹ ራሱን ከመሣሪያው ጋር ያለማምዳል እንጂ መሣሪያው ለእሱ ተብሎ አይስተካከልም። ዛሬ በአሜሪካ የሽጉጥ መደብሮች ተደርድሮ የሚታየው አዲስ ትውልድ ሽጉጥ ይህን ልማድ ገልብጦታል። እጀታው ካልተመቸ ይለወጣል፤ አፈሙዙ አጭር ከሆነ በረጅም ይተካል። ያው አንዱ ሽጉጥ በብርዱ ወራት ከካፖርት ስር ትልቅ፣ በሙቀቱ ወራት ከሸሚዝ ስር ትንሽ ሆኖ ይታጠቃል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታና በዳላስ አምሽተው ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ የሚዘጉ ወገኖቻችን ሽጉጥ ለመግዛት ሲያስቡ ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ መቅረቡ አይቀርም። ስለዚህ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚመዘን ማወቅ ተገቢ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ፦ ክፍሎቹ መለዋወጣቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍል በተለወጠ ቁጥር ትናንት ተፈትኖ ያለፈው ሽጉጥ ዛሬ ሌላ ሽጉጥ ሆኗል፤ እንደገና መፈተን አለበት።

ሽጉጡ የቱ ነው?

ሲግ ሳወር የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2007 ፒ250፣ በ2014 ደግሞ ፒ320 የተባሉትን ሽጉጦች ለገበያ አቀረበ። በጥር 2017 የአሜሪካ ጦር ከ1985 ጀምሮ ሲታጠቀው የኖረውን የቤሬታ ኤም9 ለመተካት ያወጣውን ውድድር ፒ320 አሸነፈ። ትልቁ ኤም17፣ አጠር ያለው ኤም18 ተባሉ። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ለዕለት ተዕለት መታጠቂያ የታሰበው ትንሹ ፒ365 መጣ። አፈሙዙ 78 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚህ መጠን የነበሩ ሽጉጦች ካዝናቸው ስድስት ወይም ሰባት ጥይት ብቻ ሲይዝ እሱ 10 ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በመያዙ ገበያውን ለወጠው። ሌሎችም ተከትለዋል፤ ስፕሪንግፊልድ በ2023 ኤሽሎንን፣ ሩገር በ2024 አርኤክስኤምን በዚሁ አሠራር አውጥተዋል።

ምስጢሩ ከእጀታው ውስጥ ነው። በእጅ የሚጨበጠው የፕላስቲክ እጀታ ቅርፊት ብቻ ነው። በውስጡ ምላጩን፣ መያዣዎቹንና ስፕሪንጎቹን አቅፎ የተቀመጠ አንድ የብረት ክፍል አለ። መለያ ቁጥሩ የተቀረጸው በዚህ ብረት ላይ ሲሆን በእጀታው ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ይነበባል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዓይን ሽጉጥ ማለት ይህ ብረት ነው። እጀታው፣ ከላይ የሚንሸራተተው ስላይድና አፈሙዙ መለዋወጫ ናቸው።

በሲግ ሽጉጦች ላይ ብረቱ የሚወጣበት መንገድ ቀላል ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል። ስላይዱ ወደ ኋላ ተስቦ ይቆለፋል። ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ባዶ መሆኑ በዓይን ይታያል፤ ከዚያም በጣት ይዳሰሳል። በጎን ያለው ማንሻ ሲዞር ስላይዱ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይወጣል። ማንሻው ራሱ ተጎትቶ ሲወጣ የብረቱ ክፍል ከቅርፊቱ ይነሳል። በዚህ ሁሉ መካከል ምላጭ አይሳብም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሽጉጦች ለመፈታት ምላጭ መሳብ ይጠይቃሉ፤ አንድ ጥይት ጎርሶ እንደቀረ ባለማስተዋል ሽጉጡን ሊያጸዳ ሲል ራሱን ወይም ቤተሰቡን ያቆሰለ ሰው ጥቂት አይደለም።

ለእጅ፣ ለወገብ፣ ለኑሮ

ምዘናው ከእጅ ይጀምራል። ሽጉጡ በደንብ ሲጨበጥ የአመልካች ጣት የመጀመሪያው አንጓ ልም ሥጋ ምላጩ ላይ ያለ ጭንቀት ማረፍ አለበት። ጣት ካልደረሰ እጅ ይጣመማል፤ ካለፈ ደግሞ ምላጩ ወደ ጎን ይጎተታል፤ በሁለቱም ጥይቱ ከታለመበት ይስታል። ቀጥሎ ትንሿ ጣት ትታይ። በጣም አጭር እጀታ ላይ መያዣ ስታጣ ሽጉጡ ሲተኩስ ከመዳፍ ውስጥ ይንሸራተታል። ትንሽ እጅ ያላት ሴትና ሰፊ መዳፍ ያለው ባሏ በአንድ ዓይነት ሽጉጥ የየራሳቸውን እጀታ መምረጥ መቻላቸው የዚህ አሠራር ትልቁ በረከት ነው።

ከዚያ መደበቅ ይመጣል። አዲስ ገዢ የአፈሙዙ ርዝመት ያሳስበዋል፤ ልብስ ወጥሮ የሚያጋልጠው ግን ብዙውን ጊዜ እጀታው ነው። አፈሙዙ ከሱሪው ውስጥ ወደ ታች ይገባል፤ እጀታው ግን ከቀበቶው በላይ ቀርቶ ሰው ጎንበስ ሲል ሸሚዙን ይገፋል። ስለዚህ ረዘም ያለ አፈሙዝ በአጭር እጀታ ማጋጠም ለብዙ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው።

ካዝናው ባዶ፣ ጥይት የሚጎርስበት ቦታም ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ሽጉጡን በቤት ውስጥ ታጥቆ ጥቂት ቀናት መዋል ብዙ ያስተምራል። ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ የጫማ ክር ሲያስሩ፣ የመኪና ቀበቶ ሲያስሩ ይቆረቁራል ወይስ ይመቻል? ዕቃ አውርዶ ሲሸጥ የሚውል ባለሱቅና ከኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። የሚቆረቁር ሽጉጥ ውሎ አድሮ በመሳቢያ ወይም በመኪና ውስጥ ይጣላል፤ ሌባ የሚያገኘውም እዚያው ነው።

አፎቱም የሽጉጡ አካል ነው። ጠንካራ ሆኖ ምላጩን ዙሪያውን መሸፈን ይኖርበታል፤ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ መጨፍለቅ የለበትም። ለብዙ አደጋ ምክንያት የሚሆነው ሽጉጡን መልሶ መክተት ነው፤ የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ ወደ አፎቱ ገብቶ ምላጩን ይይዝና ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ገመዱ እንደ ጣት ይስበዋል። ሲያወጡ ሊፈጠን ይችላል፤ ሲመልሱ ግን ልብስን ገልጦ፣ አይቶ፣ በዝግታ ነው። ስላይዱ ወይም እጀታው ከተለወጠ አፎቱም እንደገና ይፈተሻል፤ ለአጭሩ የተሠራ ለረጅሙ ላይሆን ይችላል።

ከፒ320 የሚገኝ ትምህርት

በ2017 ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ በጀርባው ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀ። ሽጉጡ መሬት መትቶ ሲቆም ምላጩ በራሱ ክብደት ጉዞውን ስለሚቀጥል እንደተሳበ ያህል ይሆን ነበር። አምራቹ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቀለል ያለ ምላጭና ሌሎች ክፍሎች የሚገጠሙበት የማሻሻያ አገልግሎት በነጻ ጀመረ። ከዚያም በኋላ ምላጩ ሳይነካ ተኩሷል የሚሉ ክሶች ቀርበዋል። በ2024 በጆርጂያና በፊላዴልፊያ የተሰየሙ የጁሪ አባላት ለከሳሾች ፈርደዋል፤ ኩባንያው በበኩሉ ሽጉጡ ምላጩ ሳይሳብ አይተኩስም ሲል ይከራከራል፤ የረታባቸው ችሎቶችም አሉ። ፒ365 የተለየ የውስጥ አሠራር ያለው ሽጉጥ ስለሆነ ክርክሩን በእሱ ላይ መደረብ አይገባም።

ለባለቤቱ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው። የጥቂት ግራም ልዩነት ያለው ምላጭ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ከሆነ፣ ከየትም የተገዛ የምላጭና የስፕሪንግ መለዋወጫ በሚታጠቁት ሽጉጥ ውስጥ ቦታ የለውም። እጀታ ለእጅ ተብሎ ይለወጥ፤ ማነጣጠሪያም ለዓይን። ምላጩና መያዣዎቹ ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ይቆዩ። ያገለገለ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ደግሞ መለያ ቁጥሩን ይዞ አምራቹን መጠየቅና ማሻሻያው መደረጉን ማረጋገጥ አለበት።

የተኩስ ሜዳ ምርመራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ለልምምድ በሚሆን ርካሽ ጥይት ጥቂት መቶ ተኩስ፣ ከዚያም በእውነት በሚታጠቁት ጥይት ተጨማሪ መተኮስ የተለመደ ምክር ነው። ካዝናዎቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ሽጉጡ ቢያንቀው ጥፋቱ የአንድ ካዝና ይሁን የሽጉጡ የሚለየው በዚህ ነው። በሁለት እጅ ያለፈው በአንድ እጅ፣ በቀኝ ያለፈው በግራም ይሞከር። ሽጉጥ አይደክምም፤ ሰው ግን ይደክማል፤ ስለዚህ ተኳሹ ሲደክመው ምን እንደሚሆን ማየትም የምዘናው አንድ ክፍል ነው።

ሕጉና ቤቱ

መለዋወጫው በፖስታ ይመጣል፤ የብረቱ ክፍል ግን ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ቅጽ 4473 ተሞልቶና የጀርባ ታሪክ ተጣርቶ ነው የሚገዛው። ከሻጭ ሽጉጥ ለመግዛት ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መያዝም ክልክል ነው። በቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሰው ድንበሩ አደገኛ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ የያዘ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ፈቃዱ አይሠራለትም፤ ሜሪላንድም አትቀበለውም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ የተከለከለ ነው። ኡበርና ሊፍት ሾፌሮቻቸውም ተሳፋሪዎችም መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፤ ፈቃድ ያለው ሾፌር እንኳ ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

ከሕጉ በላይ ቤቱ አለ። በእኛ ቤት እንግዳ ይበዛል። ለልደት ወይም ለክርስትና ሰው ሲሰበሰብ ካፖርትና የእጅ ቦርሳ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይከመራል፤ ልጆችም እዚያው ይጫወታሉ። ሽጉጥ ቦርሳ ውስጥ የሚይዝ ወላጅ ይህን ያስብ። ወገብ ላይ ያልሆነ ሽጉጥ በቁልፍ ወይም በኮድ በሚከፈት ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ ውጭ ሦስተኛ ቦታ የለውም። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በቤቱ ውስጥ የተጨነቀ ሰው ካለ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤቱ ይውጣ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለእጅና ለኑሮ የሚስማማው ቅንጅት በጥሞና ይመረጥ፤ በሜዳ ተፈትኖ ሲያልፍም ሳይነካካ ይቆይ። ለሁለተኛ እጀታና ለሦስተኛ ስላይድ የሚወጣው ገንዘብ ለአሠልጣኝ፣ ለጥይትና ለጥሩ የሚቆለፍ ሳጥን ይዋል። መለወጥ ግድ የሆነ ቀን ደግሞ ሽጉጡ ወደ ወገብ ከመመለሱ በፊት ወደ ተኩስ ሜዳ ይመለስ። ይህን ጊዜና ወጪ መክፈል የማይችል ሰው ባይታጠቅ ለራሱም ለቤተሰቡም ይሻላል።