ቡፌ ውስጥ ያለው አሻንጉሊት፦ በአያት ቤት የልጆች መጫወቻ እንዴት ይመረጥ? የት ይቀመጥ?

በብዙ የአዲስ አበባ አያቶች ሳሎን ውስጥ መስታወት ያለው ቡፌ አለ። ከሲኒዎቹና ከብርጭቆዎቹ ጎን ከውጭ አገር የተላከ አሻንጉሊት ከነፕላስቲኩ ቆሞ ይታያል። የልጅ ልጆች እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩታል። «እሱ አይነካም!» ይባላሉ። ጥቂት ቆይተው የእናታቸውን ስልክ ተቀብለው ሶፋው ጥግ ይወሸቃሉ። አያት ደግሞ «እነዚህ ልጆች ይመጣሉ እንጂ አያጫውቱኝም» እያሉ ያዝናሉ።

አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከስስት የተነሣ አይደለም። አሻንጉሊቱ ከልጃቸው እጅ የተላከ ነው፤ ቢሰበር የሚሰበረው ፕላስቲክ ብቻ አይመስላቸውም። ሆኖም ሕፃኑ ከዚህ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ለእርሱ የተቀመጠ ነገር የለም። ልጅ ደግሞ እንዲህ ወዳለ ቤት ለመሄድ እየሰነፈ ይመጣል።

እስቲ ለምሳሌ ኮልፌ ቀራንዮን እንውሰድ። ከአጠና ተራ ጀምሮ እስከ አየር ጤና ድረስ ብዙ አያቶች የሚኖሩት ግቢ በጋራ በሚጠቀሙበት ጠባብ ቤት ነው። ሳሎኑ መኝታም ነው፤ ቡናም የሚፈላው እዚያው ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት ለመጫወቻ የሚሆን ክፍል የለም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው አንድ ዘንቢልና አንድ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ይህ ነው፦ ልጁ ሳይጠይቅ የሚያነሣው የትኛውን ነው? ትልቅ ሰው አብሮ ሲቀመጥ ብቻ የሚወጣውስ የትኛው ነው? በብዙ ቤት ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ጉዳት የሌለው አሻንጉሊት ተቆልፎበታል፤ ብዩና ቆርኪው ግን ወለሉ ላይ ተበትኗል።

ከገበያ በፊት ቤት ውስጥ ያለው ይታይ

ለአያት ቤት ጥሩ መጫወቻ የምንለው በዕድሜ የተለያዩ ልጆች አብረው የሚጫወቱበት፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ አያትም ከወንበራቸው ሳይነሡ ሊሳተፉበት የሚችሉት ነው። በዚህ ሚዛን ገበጣን የሚያህል የለም። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ስለዚህ እማማ በልጅነታቸው የተጫወቱት ገበጣ ከጎረቤቱ የተለየ ቢሆን አይግረማችሁ፤ ያንኑ ያስተምሩ። የእንጨት ገበጣ ከሌለ 30 እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ላይ ባለ 6 ጉድጓድ ረድፎችን 2 ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ 12 ጉድጓድ ይሆናል። አማርኛ የማይናገር፣ ከውጭ አገር ለክረምት የመጣ የልጅ ልጅም ያለ ብዙ ቃል ይጫወተዋል። ጠጠሩን ሲዘራም ከአያቱ አፍ እየሰማ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ይጀምራል። ይህን ያህል ሊሠራ የሚችል ባለ ባትሪ መኪና አላየንም።

አጠና ተራ አካባቢ ለሚኖር እንጨት ሩቅ አይደለም። ከአናጢ ቤት የሚጣለውን የጣውላ ቁራጭ ለምኖ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ልጆች ቤትና ድልድይ የሚሠሩበት 20 ወይም 30 ቁራጭ ማዘጋጀት ለአባባ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው። ቀለም አይቀባ። ቺፕውድ ግን አይሁን፤ ጠርዙ ይፈረፈራል።

ካልሲም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት በጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የልጆች ፕሮግራም ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የእጅ አሻንጉሊት የሆነች ቀጭኔ ናት፤ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሥራውን የጀመሩት በቤታቸው ውስጥ ነበር። አንድ ያረጀ ካልሲ ታጥቦ እጅ ከገባበት ተናጋሪ ይሆናል። ዓይኑ ግን አዝራር ሳይሆን በክር የተጠለፈ ይሁን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት፣ የፕላስቲክ ሲኒና ትንሽ ሰፌድ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የነበረበትን ዕቃ አጥባችሁም ቢሆን ለጨዋታ አትስጡ። ዛሬ ባዶውን ዕቃ «ቡና» እያለ የጠጣበት ልጅ ነገ የሞላውን ቢያገኝ አይለየውም። በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥም በዚሁ ምክንያት መቅረት አለበት።

ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ቀለሙ በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ መጫወቻ አትግዙ። በአንዳንድ ቀለም ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት በአፍ ገብቶ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ይህ የርካሽ ዕቃ ችግር ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ማቴል የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ኩባንያ በዚሁ ምክንያት እጅግ ብዙ መጫወቻዎችን ከገበያ ሰብስቧል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ዳሩ ግን ቤት ውስጥ ያለው አሮጌ መጫወቻ ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ሕፃን ያለበት ቤት

እሁድ ከሰዓት በኋላ የ9 ዓመቱ ልጅ ብይ፣ የ7 ዓመቷ ቅልብልቦሽ፣ የ1 ዓመቱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይዘው በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ሕግ 31.7 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው መለኪያ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ መጫወቻ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተብሎ አይሸጥም። ለቤት ውስጥ የሚሆን መለኪያ የሶፍት ጥቅል መካከል ያለው የካርቶን ቱቦ ነው። እርሱ ከመለኪያው ሰፋ ስለሚል በዚያ በኩል የሚያልፈውን ነገር ሁሉ ለሕፃን ከመስጠት ብንቆጠብ ይበልጥ እንጠነቀቃለን። ብይ ያልፋል፤ ቆርኪ ያልፋል፤ አዝራር፣ የገበጣ ጠጠርና የአንድ ብር ሳንቲምም ያልፋሉ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ስለሚለጠፍ ወዲያው ይለቀም።

ከሁሉ የከፋው ግን እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነው ትንሽ ባትሪ ነው። ዘፋኝ አሻንጉሊቶችና መብራት ያላቸው መጫወቻዎች ውስጥ ይገኛል። 20 ሚ.ሜ. ስፋት ያለውም አለ። ሕፃኑ ውጦት ጉሮሮው ሥር ከተቀረቀረ ከምራቅ ጋር ተገናኝቶ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ «አልቋል» ተብሎ የተጣለውም ቢሆን ያቃጥላል። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን የማይዘጋ መጫወቻ ወደ አያት ቤት አይግባ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዕድሜው ከ12 ወር በላይ ከሆነና ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ መንገድ ላይ ሳላችሁ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ እንድትሰጡት የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ማሩ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ከ12 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ማር ፍለጋ ተብሎም ጉዞው አይዘገይ።

እንግዲህ የቡፌው አሻንጉሊት ይህን ፈተና ካለፈ ይውጣ። የላከችው ልጅ ስትደውል «ልጆቹ እንዲጫወቱበት አውጥቼዋለሁ» ማለት ነው። አብዛኛዎቹ ላኪዎች እስካሁን መስታወት ውስጥ መቆየቱን ሲሰሙ የሚደነግጡት እነርሱ ናቸው።

ዘንቢል እንጂ ሳጥን አይሁን

ብዙ ሰው መጫወቻ ለማስቀመጥ ከባድ ክዳን ያለውን አሮጌ የእንጨት ወይም የብረት ሳጥን ይመርጣል። ይህ አይመከርም። ክዳኑ ጎንበስ ያለ ሕፃን አንገት ላይ ይወድቃል፤ ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅም ገብቶበት ሊታፈን ይችላል። ዘንቢል፣ ክዳን የሌለው ካርቶን ወይም አሮጌ ሳፋ ይሻላል። ለሕፃኑም ለትልቁም የሚሆነው በዚህ ውስጥ ሆኖ ወለል ላይ፣ ልጁ በሚደርስበት ይቀመጥ። ብዩ፣ ጠጠሩና ቆርኪው ግን በጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ከፍ ያለ ሚስማር ላይ ይሰቀል። ፌስታል አይሁን።

ከረጢቱ የሚወርደው ሕፃኑ ሲተኛ ወይም በሰው እቅፍ ሲሆን ነው። የሚመለሰውም ተቆጥሮ ነው። ገበጣው በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ከያዘ በጠቅላላው 48 ነው። ልጆቹ ራሳቸው ቆጥረው ያስገቡ፤ 47 ከሆነ ሕፃኑ ሳያገኘው አልጋ ሥር ይፈለግ። ልጆች ይህን ፍለጋ ከጨዋታው እኩል ይወዱታል።

የዘንቢሉ ቦታ ከከሰል ምድጃውና ከረከቦቱ በተቃራኒ ጥግ ይሁን። ጀበናው ወለል ላይ ሲፈላ የሚንከባለል ኳስ ልጁን ይዞት ይሄዳል። ኳስ ለግቢ ነው።

የጎረቤት ልጆችም መምጣታቸው አይቀርም። አንድ ልጅ ብቻ የሚይዘው ውድ መጫወቻ በጋራ ግቢ ውስጥ ጠብ ያመጣል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ካለ አንድ ትልቅ ከመግዛት ለብዙ ልጅ የሚበቃ መግዛት ይመረጣል። የአያት ቤት መጫወቻም እዚያው ቢቀር መልካም ነው፤ ልጁ በሚቀጥለው እሁድ የሚናፍቀው ነገር ይኖረዋል።

ክረምት ሲገባ

ሐምሌና ነሐሴ የጨርቅ አሻንጉሊት ጠላቶች ናቸው። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፤ ከልባሽ ጨርቅ ጋር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ቁንጫና ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት በፈላ ውኃ ይዘፍዘፍ። በክረምት ዘንቢሉ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ ከሚቀመጥ ጣውላ ከሥሩ ይደረግለት። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉንም ግቢ ውስጥ ዘርግፋችሁ አድርቁ፤ የተሰነጠቀውንና ስለት ያወጣውን ፕላስቲክ ጣሉ። ልጆቹ አድገው የተዉት ካለ ለሌላ ሰው መስጠት ጥሩ ነው። ብቻ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትስጡ፤ የ10 ዓመት ልጅ ረስቶታል ያላችሁትን የእንጨት መኪና ስም አውጥቶለት ሊሆን ይችላል።