ካሜራ ከሺንጁኩ

በቶኪዮ የሚገኘው የሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ በተሳፋሪ ብዛት ከዓለም አንደኛ ነው። ከምዕራብ በሩ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ የተራመደ መንገደኛ የካሜራ ነጋዴዎች ሰፈር ይደርሳል። ዮዶባሺ ካሜራ ዛሬ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ጭምር የሚሸጥ ትልቅ መደብር ቢሆንም በስሙ ላይ ያለውን ካሜራ አልተወም፤ አዲስ የወጣውን ሁሉ ደንበኛው በእጁ ይዞ እንዲሞክረው ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ማፕ ካሜራ አዲሱንና ያገለገለውን ጎን ለጎን ይሸጣል። በጣቢያው ምሥራቅ በኩል ኪታሙራ ባለ ብዙ ፎቅ ሱቅ አለው። በቹኦ ፈጣን ባቡር አንድ ፌርማታ ብቻ ርቆ በሚገኘው ናካኖ ደግሞ ፉጂያ ካሜራ አለ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ናሪታ ስለሚበር ይህ ሰፈር ለእኛ ተጓዦችም የሚደረስበት ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎቻችን ካሜራና ሌንስ የሚያገኙት ውጭ ደርሶ ከሚመጣ ሰው እጅ ነው። አንድ ዘመድ ጃፓን ሊሄድ መሆኑ ሲሰማ «እግረ መንገድህን ካሜራ ግዛልኝ» የሚል አደራ ይከተለዋል። አደራ ተቀባዩ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ካሜራ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ለእርሱም፣ ለራሱ ለሚገዛም ሰው ነው። ቶኪዮ ካሜራ ለመግዛት እጅግ ጥሩ ከተማ ናት። ትልቁ ጥቅሟ ዕቃው ተመርምሮ፣ ጉድለቱ በግልጽ ተጽፎለት መሸጡ ነው፤ የዋጋው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን የተረዳ ሰው ምን መግዛት እንዳለበትም ይገባዋል።

በምርመራ የተገነባ ስም

ዛሬ ኒኮን የምንለው ኩባንያ በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒፖን ኮጋኩ ተብሎ ሲመሠረት ለወታደራዊ አገልግሎት የሚውሉ የማጉያ መነጽሮችንና የመሳሰሉትን ይሠራ ነበር። የካኖን ሥር ደግሞ በ1933 በቶኪዮ ሮፖንጊ ሰፈር የተከፈተ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ነው። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ጊዜ ካሜራ ለውጭ ገበያ ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ደንበኞቹም እዚያው ነበሩ፤ አገሪቱን የያዙት የአሜሪካ ወታደሮች። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ካሜራዎች በብዙዎቹ ላይ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተቀርጿል። በአንዳንዶቹ ላይ በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ኢ እና ፒ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ከግብር ነጻ ለውጭ ሰው የተሸጡ መሆናቸውን ያመለክታሉ። እንግዳ በቶኪዮ ከግብር ነጻ ካሜራ መግዛቱ እንግዲህ ከዚያ የጀመረ ነው።

በ1950 የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን ቶኪዮ ሳለ ጁን ሚኪ የተባለ ጃፓናዊ ባልደረባው በ85 ሚሊ ሜትር የኒኮር ሌንስ ፎቶ አነሳው። ደንከን በፎቶው ጥራት ተገርሞ ወደ ፋብሪካው ሄደ፤ ሌንሶቹን ፈትሾ በራሱ ካሜራ ላይ ገጠማቸው። ወዲያው በፈነዳው የኮርያ ጦርነትም በእነርሱ ሠራ። ፎቶዎቹ ኒውዮርክ ሲደርሱ እስከዚያ ድረስ የጀርመን ዕቃ ቅጂ ተብሎ የሚናቀው የጃፓን ሌንስ በባለሙያዎች ዘንድ ስም አገኘ።

ያ ስም በአንድ ጭነት መጥፎ ካሜራ እንዳይበላሽ በ1954 የጃፓን ካሜራ መርማሪ ተቋም ተቋቋመ። ወደ ውጭ የሚላክ ካሜራ ፈተናውን ሲያልፍ «አልፏል» የሚል ትንሽ ሞላላ ወርቃማ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር። ይህ አሠራር በ1989 ቢቀርም ወረቀቷ ዛሬም በአሮጌ ካሜራዎች ላይ ትገኛለች፤ ተቋሙም በቶኪዮ ቺዮዳ ወረዳ የካሜራ ሙዚየም አለው። በሺንጁኩ መስታወት ውስጥ በተደረደረው ያገለገለ ዕቃ ላይ ያለው ጥንቃቄ የዚያው ልማድ ልጅ ነው።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ

ሱቁ ያገለገለ ዕቃ ሲረከብ በባለሙያ ያስፈትሸዋል፤ ደረጃም ይሰጠዋል። አዲስ ከሚመስለው ጀምሮ ብዙ እስከ ሠራው፣ ከዚያም ችግር እስካለበት ድረስ እርከን አለ። በዋጋው ወረቀት ላይ ጭረቱ፣ የጎደለው ክዳን፣ በመስታወቱ ውስጥ የታየው አቧራ ሳይቀር ይጻፋል። «ካቢ» ተብሎ ከተጻፈ ሻጋታ አለበት ማለት ነው፤ «ኩሞሪ» ከሆነ መስታወቱ ጭጋግ ለብሷል። «ጃንክ» ተብሎ በሣጥን የተቀመጠው ደግሞ ሳይፈተሽ፣ ያለ ዋስትናና ያለ መመለስ የሚሸጥ ነው፤ ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር እንግዳ ሰው ባይነካው ይመረጣል።

ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ ሻጩን ሌንሱን አውጥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። ሻጩ ለስላሳ ጨርቅ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ያኖረዋል። የፊትና የኋላ ክዳኖቹን ከፍተው የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል ሰያፍ አድርገው ያብሩበት። ሻጋታ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ሆኖ ሲዘረጋ ይታያል። ጭጋግ ከሆነ ብርሃኑ ነጣ ብሎ ይበተናል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት በፎቶው ላይ አይወጣም፤ ሻጋታ ግን የመስታወቱን ቅብ ስለሚበላ ርካሽ ቢሆንም ቢተዉት ይሻላል። ቀጥሎ የብርሃን መጠን የሚቆጣጠሩትን ቀጫጭን ክንፎች ከፍተውና ዘግተው ይዩ። ዘይት ካረጠባቸው እየዘገዩ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፎቶውም ከሚገባው በላይ ይነጣል። በመጨረሻም ምስሉን የሚያጠራውን ቀለበት ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ ሳይንቋቋና ሳይላላ እኩል መዞር አለበት።

ዲጂታል ካሜራ ከሆነ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቁ። አምራቾች ለመካከለኛና ለከፍተኛ ካሜራ መዝጊያ ብዙ ጊዜ የሚገምቱት ዕድሜ ከ100,000 እስከ 200,000 ፎቶ ነው። የባትሪውን ቤት ከፍተው ዝገት እንዳለ ይዩ። በፊልም ካሜራ ደግሞ የኋላ ክዳኑ ዳር ያለው ጥቁር ስፖንጅ ሲያረጅ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፤ ብርሃንም ያስገባል፤ ማስቀየሩ ግን ውድ አይደለም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያቸው በ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የተቃኘ ነው። ያ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል፤ በ1.5 ቮልት ባትሪ ሲተካ ልኬቱ ይሳሳታል።

ቋንቋ፣ ዋስትና፣ መብራት

አዲስ ካሜራ ሲገዛ ትልቁ ወጥመድ ቋንቋው ነው። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚሠራቸው ካሜራዎች በአብዛኛው ጃፓንኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ሜኑውን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር አይቻልም። ሌሎች አምራቾችም በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎቻቸው ላይ ይህንኑ ጀምረዋል። ሳጥኑ ሳይከፈት ቋንቋ አይታይምና፣ በማሳያው ካሜራ ላይ የቋንቋ ምርጫውን ከፍቶ ማየት፣ ሻጩንም ብዙ ቋንቋ ያለው ሞዴል መኖሩን መጠየቅ ግድ ነው። የእንግሊዝኛ ሜኑ የለመደ ሰው ሠርግ መሐል ቆሞ በጃፓንኛ ቃላት ውስጥ ማስተካከያ ቢፈልግ የሚደርስበትን መገመት ቀላል ነው።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። ከአዲስ ካሜራ ጋር የሚሰጠው የዋስትና ካርድ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ ላይ ሱቆቹ የራሳቸውን የተወሰነ ጊዜ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ለመጠገን ግን ዕቃውን ወደ እነርሱ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመመለሻ በረራው ቀደም ብሎ መግዛትና ጥቂት ቀን በደንብ መሥራት ብልህነት ነው። ችግር ካለ እዚያው ይወጣል፤ ሱቁም ቅርብ ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፤ ድግግሞሹም በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ የመብራት ማመንጫ በመግዛታቸው ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ኸርዝ ሆኖ ቀረ። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የካሜራ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሶኬት ማስቀየሪያ ይበቃቸዋል፤ ቢሆንም በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ አይጎዳም። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ግን ጉዳዩ ከዚህ ያልፋል። ለጃፓን የተሠራ ካሜራ ቪዲዮው በሴኮንድ 30 ወይም 60 ምስል በሚለው ሥርዓት የተቃኘ ነው። በ50 ኸርዝ አምፖል ሥር ሲቀርጽ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። መዝጊያውን በአንድ ሃምሳኛ ወይም በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ላይ ማድረግ ብዙውን ችግር ያስወግዳል።

ስለ ግብሩ

የጃፓን የፍጆታ ግብር 10 በመቶ ነው። በአጭር ጊዜ ቪዛ የገባ ጎብኚ ከግብር ነጻ ሽያጭ ፈቃድ ባለው ሱቅ በአንድ ቀን 5,000 የን ወይም ከዚያ በላይ ሲገዛ ከዚህ ግብር ነጻ ነው፤ ይህም ያገለገለ ዕቃን ይጨምራል። በወረቀቱ ላይ ግብሩ ተጨምሮበት 220,000 የን የተጻፈ ካሜራ ለጎብኚው 200,000 የን ይሆናል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ዋናው ፓስፖርት ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይሠራም። በጃፓን ለመሥራት የገባ ወይም ከስድስት ወር በላይ የቆየ የውጭ ዜጋ ግን እንደ ነዋሪ ስለሚቆጠር በጎብኚው መብት አይገዛም። እዚያ የሚማሩ ልጆቻችንን «ከግብር ነጻ ግዙልን» ከማለት በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አሠራሩም እየተለወጠ ነው። ከኖቬምበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጎብኚው በሱቁ ሙሉውን ከነግብሩ ይከፍላል። በገዛ በ90 ቀን ውስጥ ሲወጣ በአየር ማረፊያው ጉምሩክ ያረጋግጥና ግብሩ ይመለስለታል። እንግዲህ ገንዘብ ሲይዙ የግብሩንም ጨምሮ መያዝ፣ ለጉምሩኩ ጊዜ መተው፣ ዕቃውን ለማሳየት በሚመች ቦርሳ ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋጋን በተመለከተ መከራከር ልማድ አይደለም፤ የተለጠፈው ዋጋ ዋጋው ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሱቅ ዞሮ ማነጻጸር ከመከራከር የተሻለ ያተርፋል።

በመመለሻው በረራ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዛል። የካሜራ ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት ገደብ በብዙ ያነሰ ስለሆነ በእጅ ለመያዝ አያስቸግርም። ደረሰኙንና የካሜራውን መለያ ቁጥር ለየብቻ ማስቀመጥ፣ በፎቶም መያዝ ይገባል። በጃፓን ከግብር ነጻ መሆን በቦሌ ከቀረጥ ነጻ መሆን እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ የአገር ቤቱ ጉምሩክ የሚሠራው በራሱ ደንብ ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ?

ካሜራው ቋንቋ አለው፣ ዋስትናው በአገር ይወሰናል፣ ቪዲዮው በመብራት ሥርዓት ይታሰራል፣ መዝጊያውም ዕድሜ አለው። ሌንስ ግን ሜኑ የለውም፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ሠላሳና አርባ ዓመት ይሠራል። የኒኮን ኤፍ ሌንስ መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው። ከ1977 በፊት የተሠሩ ሌንሶች በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ ያለ ማስተካከያ ባይገጠሙም፣ በዛሬዎቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ላይ በርካሽ ማገናኛ ይሠራሉ። ያንኑ ሌንስ በደረጃና በጉድለት ዝርዝር ማግኘት በሌላ ከተማ ቀላል አይደለም። ለራሱም ሆነ ለአደራ አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ፣ አዲሱን ካሜራ ትቶ ንጹሕ ያገለገለ ሌንስ ይምረጥ እላለሁ። በክረምት እርጥበት ከሚጠጣ ከረጢት ጋር ከታሸገ፣ ባለቤቱ ካሜራውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲቀይር እርሱ አብሮት ይሠራል።