የካርታ ኤስዲኬ፦ የሚከፈልበት ወይስ ኦፕን ሶርስ?

ኤስዲኬ አንድን ተግባር ከባዶ ላለመጀመር አልሚዎች የሚጠቀሙበት የኮድ፣ የመሣሪያና የመመሪያ ጥቅል ነው። በታክሲ ጥሪ መተግበሪያዎች ላይ የሚታየው ካርታም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት ጥቅል ነው። ጥቅሉ እንደ ጉግል ማፕስ በአጠቃቀም ልክ የሚከፈልበት፣ ወይም እንደ ማፕሊብሬ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሊሆን ይችላል።

የሚከፈልበት ጥቅል ትልቁ ብልጫው ሁሉን ነገር አሟልቶ መምጣቱ ነው። ካርታው፣ ሰርቨሩና የአድራሻ ፍለጋው በአንድ ላይ ይገኛሉ፤ አልሚው የኤፒአይ ቁልፉን አስገብቶ በዚያው ቀን ሥራ ይጀምራል። ዋጋውንና ደንቡን የሚያወጣው ግን ሻጩ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ነጻውን መጠን ብቻ የሚጠቀመውም ሳይቀር የክፍያ አካውንት እንዲከፍት አስገድዷል። በደንቡ መሠረት ከአድራሻ ፍለጋ የተገኘ የኬክሮስና ኬንትሮስ መረጃ ከ30 ቀን በላይ ተከማችቶ መቆየት አይችልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ቡድን ደግሞ ሒሳቡ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል መሆኑ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የክፍት ኮድ ባለቤትም ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ማፕቦክስ የተባለው ኩባንያ የድረ ገጽ ካርታ ኮዱን ለዓመታት በነጻው የቢኤስዲ ፈቃድ ሲለቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሁለተኛውን ስሪት በራሱ የንግድ ፈቃድ ሥር አደረገው። ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይነጠቅም። ሌሎች አልሚዎች የመጨረሻውን ነጻ ስሪት ወስደው ማፕሊብሬ ብለው ቀጠሉበት። ሻጩ አገልግሎቱን ቢዘጋ ወይም ዋጋ ቢጨምር፣ በዝግ ኤስዲኬ ላይ የሠራ ሰው ይህ መውጫ የለውም።

ማፕሊብሬ ግን ካርታ መሳያ ብቻ ነው። ዳታው በአብዛኛው የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረው የኦፕንስትሪትማፕ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው። የፕሮጀክቱ ሰርቨሮች ለከባድ የንግድ አጠቃቀም ስላልተዘጋጁ ቡድኑ ወይ የራሱን ሰርቨር ያቆማል፣ ወይ ከአቅራቢ ይገዛል። ኮዱ ነጻ ቢሆንም ሥራው ደመወዝ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ በዕቅድ ውስጥ የሚረሳውም ይኸው ነው። ትንሽ የምትመስል ነገርም ታጋጥማለች፦ ለካርታው በተመረጠው ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል ካልተካተተ በአማርኛ የተጻፉ የሰፈር ስሞች ካርታው ላይ ሳይወጡ ሊቀሩ ይችላሉ። ፎንቱን አዘጋጅቶ መጨመር የአልሚው ድርሻ ነው።

ፈቃዱን ማንበብም አይዘለልም። ቢኤስዲና ኤምአይቲ የተባሉት ፈቃዶች የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ከማቆየት ያለፈ ብዙ አይጠይቁም። ጂፒኤል ግን ኮዱን የተጠቀመ ሰው የሠራውን ሶፍትዌር ለሌላ ሲያስተላልፍ የምንጭ ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ኮዱን በምስጢር መያዝ ለሚፈልግ ድርጅት ይህ አይመቸውም።

ሰርቨር የሚከታተል ባለሙያ የሌለውና ተጠቃሚው ጥቂት የሆነ ቡድን ቢከፍል ይሻለዋል። ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ ካርታ የሚፈልግ ወይም ተጠቃሚው በፍጥነት የሚበዛ ግን ከመጀመሪያው በክፍቱ ቢሠራ ያዋጣዋል። በሁለቱም በኩል ኤስዲኬውን የሚጠሩ ትእዛዞች በመተግበሪያው ሁሉ ከሚበተኑ በአንድ ሞጁል ቢሰበሰቡ፣ ወደፊት መቀየር ሲያስፈልግ የሚነካው ያ ሞጁል ብቻ ይሆናል።