የኮራል ገበያ፦ አውራ ጣት ለማታክል ቁራጭ 300 ዶላር

በአሜሪካ የጨው ውኃ በመስታወት ገንዳ ሞልተው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች የራሳቸው ገበያ አላቸው። አንጋፋው «ማክና» ከተማ እየቀያየረ ሲካሄድ የቆየ ጉባኤ ሲሆን ትምህርትና ውይይት ይበዛበታል። «ሪፍ-ኤ-ፓሎዛ» ግን ከሞላ ጎደል ገበያ ነው። ኦርላንዶን በመሰሉ ከተሞች ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል፤ መግቢያ የከፈለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያመራው ኮራል ወደተደረደረባቸው ጠረጴዛዎች ነው።

የሚሸጠው በአብዛኛው ሙሉ ኮራል ሳይሆን ቁራጭ ነው። ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ያውም ፖሊፕ የሚባሉ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት። አሳዳጊው በመጋዝ ወይም በፒንሳ አንዱን ቅርንጫፍ ቆርጦ በትንሽ የሸክላ መቀመጫ ላይ በማጣበቂያ ይተክለዋል። ውኃው ከተስማማው ቁስሉ ሽሮ ራሱን ችሎ ያድጋል። ይህ አውራ ጣት የማያክል ነገር በ20 ዶላርም በ300 ዶላርም ሊሸጥ ይችላል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ቀለም አንዱ ነው፣ ዕድገት ሌላው። ቶሎ የሚያድገውን የገዛው ሁሉ በዓመቱ ቆርጦ ስለሚሸጠው ዋጋው ይወርዳል፤ አዝጋሚው እንደተወደደ ይቆያል። ሦስተኛው ስም ነው፤ እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። አክሮፖራ ከሚባለው የኮራል ዓይነት «ዋልት ዲዝኒ» የተሰኘው በዘሩ ይፈለጋል። ጊደር የሚገዛ ሰው ስለ እናቲቱ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ የዚህም ገዢ ቁራጩ ከማን ገንዳ እንደመጣ ያጣራል። ዞአንቲድ የሚባለው ዓይነት ደግሞ በፖሊፕ ቁጥር ይሸጣል፤ አንዲቷ ብቻዋን ከ100 ዶላር በላይ የምታወጣበት ጊዜ አለ። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮራል ወደ ውጭ መላክ ስታቆም፣ ገንዳ ውስጥ ያደገ ቁራጭ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

ኮራል አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣት እየተቻለ ሰው ለምን ተጉዞ ይሄዳል? በዓይኑ አይቶ ለመምረጥና ዋጋ ለመከራከር። ዓይንም ቢሆን ይታለላል። ጠረጴዛው ላይ የሚበራው ሰማያዊ መብራት ኮራሉን እንደ ፍም ያስመስለዋልና ሻጩ ነጭ መብራት እንዲያበራላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ጠረጴዛ ሞልቷል።

መከራከር እዚህ ነውር አይደለም። ሻጩ ለቦታው ኪራይ ከፍሏል፣ ውኃና ገንዳ ጭኖ መጥቷል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ይዞ ከሚመለስ በቅናሽ ቢሰጥ ይመርጣል። ሦስት አራት አንድ ላይ ለሚያነሳ ደንበኛ ቅዳሜም ይቀንሳል። ብርቁን የፈለገ ግን እሁድን አይጠብቅ፤ በሩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይነጠቃል።

ገዝታችሁ ስትመለሱ ቁራጩን ገንዳችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ለኮራል በተዘጋጀ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ዘፍዝፉት። ዞአንቲድ ቆርጣችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁም ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው።