የወላጅ ሕመም የልጅን ትምህርት እንዳያስቋርጥ

ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን የሚመለከት ነው። አባት ወይም እናት በካንሰር ሲታመሙ ልጁ የኮሌጅ ወጪውን ከየት ሊያገኝ ይችላል?

በብዙ ቤቶቻችን ካንሰር በስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል። ጎረቤት እንዳይሰማ ይደበቃል። ልጁም የቤቱን ችግር እያየ ለማንም ሳይናገር ትምህርቱን ትቶ ሥራ ይገባል። ገመናን መሸፈን መልካም ነው። ነገር ግን ለሚመለከተው ክፍል ያልተነገረ ችግር እርዳታ አያገኝም። ልናስጨብጣችሁ የፈለግነው ዋና ነገርም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ «ፋፍሳ» የሚባለውን የመንግሥት የተማሪዎች እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ይገባል። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ይሞሉታል፤ ክፍያም የለውም። ይሁን እንጂ ቅጹ የሚመለከተው ያለፈ ገቢን ነው። ለ2026-27 የትምህርት ዘመን የሚታየው የ2024 (እ.ኤ.አ.) ገቢ ነው። እንግዲህ በዚያ ዓመት ታክሲ እየነዳ ደህና ያገኝ የነበረ አባት ዛሬ በኬሞቴራፒ ምክንያት ቤት ቢውልም፣ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ገቢ እንዳለው ሰው ሆኖ ነው።

ለዚህ መፍትሔ አለው። የአገሪቱ ሕግ የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ የቤተሰቡን ሁኔታ መርምሮ ስሌቱን እንዲያስተካክል ሥልጣን ሰጥቶታል። ይህም «ፕሮፌሽናል ጀጅመንት» ይባላል። ተማሪው የሐኪም ደብዳቤ፣ ገቢው መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃና ኢንሹራንስ ያልሸፈናቸውን የሕክምና ደረሰኞች አያይዞ ያመለክታል። የቢሮው ውሳኔ ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ይግባኝ የሚባልበት አይደለም፤ ስለዚህ ማስረጃው ከመጀመሪያው የተሟላ ይሁን። ስሌቱ ከተስተካከለ ተማሪው ለፔል ግራንት ሊበቃ ይችላል። በ2025-26 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ ይህም በመደበኛው የማይመለስ እርዳታ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስኮላርሺፕ ነው። እዚህ ላይ እርዳታው ለማን እንደተዘጋጀ በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ1993 የተቋቋመው «ካንሰር ፎር ኮሌጅ» የሚረዳው በአብዛኛው ራሳቸው በካንሰር ታመው የነበሩ ተማሪዎችን ነው። በ1997 በሜሪላንድ የተመሠረተው «ኡልማን ፋውንዴሽን» ግን ወላጃቸው በካንሰር የታመመባቸውን ወይም የሞተባቸውን ተማሪዎች የሚያግዝ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል። መስፈርቱና የማመልከቻው ቀን ሊለዋወጥ ስለሚችል በየዓመቱ ድርጅቱን መጠየቅ ይገባል። በሽተኛው የሚታከምበትን ሆስፒታል ሶሻል ወርከርና የትምህርት ቤቱን አማካሪም ጠይቁ። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ተማሪው ስለ ቤተሰቡ ሁኔታ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ልጆች ሆይ! ከመጻፋችሁ በፊት የታመመውን ወላጅ አስፈቅዱ፤ ምስጢሩ የእሱም ነውና። አታጋኑ፤ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ወላጆችም ፍቀዱላቸው። የተመደበን እርዳታ በእውነት መጠየቅ ልመና አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮሌጁ በሚልከው የእርዳታ ደብዳቤ ላይ የማይመለሰው ገንዘብና ወለድ ያለበት ብድር ጎን ለጎን ተዘርዝረው ይቀርባሉ። ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ግራንቱን ተቀብሎ ብድሩን መተው ይቻላል። ከወለድ ለሚሸሽ ሙስሊም ቤተሰብ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻም ለጀመዓችን የምንለው አለን። ዘካ ለድሆችና ለችግረኞች የተደነገገ ነው። ትናንት ዘካ ይሰጥ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ በሕመም ምክንያት ከችግረኞቹ መካከል ሊሆን ይችላል። የመስጂድ ኮሚቴዎች እነዚህን ቤተሰቦች ምስጢራቸውን ጠብቀው ይጠይቋቸው። ቅጹን መሙላት የሚያውቁ ወጣቶችም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ቢሰጡ ለብዙዎች ይተርፋሉ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብሩን፣ ለልጆቻቸውም ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።